ስለ ገበታ ጨዋታና ስለ አንድ የአዳማ ተማሪ

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር)



በሻይ ሰዓት በየመሥሪያ ቤቱ ብትዘዋወሩ፣ ከሥራው ለጥቂት ደቂቃ ያረፈ ጸሐፊ አንገቱን ደፍቶ በእጅ ስልኩ ስክሪን ላይ ጣቱን ሲያመላልስ ታገኙታላችሁ። ደብዳቤ የሚጽፍ መስሏችሁ ጠጋ ያላችሁ እንደ ሆነ የያዘው ጨዋታ ሆኖ ይገኛል። እኛም ከዚህ ልማድ ነጻ ነን ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን ያ ጨዋታ እንዴት እንደ ተሠራ፣ ሕጉንም ማን እንዳወጣው፣ ስንሸነፍስ በምን ምክንያት እንደምንሸነፍ የጠየቀ ሰው ከመካከላችን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ የአዳማ ተማሪ ቀላል የቪዲዮ ጨዋታ ለመሥራት ተነሥቶ ምን እንደ ገጠመውና ከገጠመውም ነገር ምን እንዳስተዋለ ልንነግራችሁ አስበናል።

ተማሪውን ያገኘነው ለሌላ ጉዳይ ወደ አዳማ በወረድንበት ጊዜ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ባለ አንድ ሻይ ቤት ነው። ስሙ በሬዲዮ እንዳይነገር ስለ ለመነን «ተማሪው» ብቻ እያልን እንጠራዋለን። የሚማርበትንም ቤት አንገልጽም፤ እንደምታውቁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ተቋቁሞ ዛሬ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ትልቅ ተቋም በከተማዪቱ ይገኛል፤ ከእርሱም ሌላ ኮሌጆችና የሙያ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። መምህሩ ለክፍሉ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አንድ ቀላል ጨዋታ በኮምፒዩተር ሠርተው በስድስት ሳምንት ውስጥ እንዲያቀርቡ አዘዙ። ከጓደኞቹ መካከል አንዱ የመኪና እሽቅድምድም፣ ሌላውም የተኩስ ጨዋታ መረጠ። የእኛ ተማሪ ግን ገበታን መረጠ። ስለ ምን ገበታን መረጥህ ብለን ብንጠይቀው ፈገግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ የሚቀልለኝ መስሎኝ ነው። ሕጉን ሁሉ ሰው ስለሚያውቀው ሕግ በማውጣት አልደክምም ብዬ ነበር» አለን። ይህ አሳብ ስሕተት እንደ ነበረ ለመረዳት ሦስት ሳምንት ፈጀበት።

ገበታ ምን እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር ምናልባት ለአባይ ልጅ ውኃ እንደ ማስተዋወቅ ይሆናል። የሆነ ሆኖ በከተማ ያደጉት ሁሉ አይተውት ላይሆን ስለሚችል በአጭሩ እንግለጸው። በእንጨት ወይም በመሬት ላይ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ይማሳል፤ እነዚህም ቤቶች ይባላሉ። በእያንዳንዱ ቤት አራት አራት ጠጠር ይደረጋል፤ በጠቅላላው 48 ጠጠር ይሆናል ማለት ነው። ተጫዋቹ በራሱ ረድፍ ካሉት ቤቶች የአንዱን ጠጠር ጠቅልሎ ያነሣና በሚቀጥሉት ቤቶች አንዳንድ እየጣለ ይዞራል። የመጨረሻው ጠጠር ከባዶ ቤት የወደቀ እንደ ሆነ ተራው ለባላጋራው ያልፋል። ጠጠር ካለበት ቤት የወደቀ እንደ ሆነ ግን ያንን ሁሉ እንደገና አንሥቶ ይቀጥላል። በዙሩ መካከል አንድ ቤት አራት የሞላ ጊዜ ይበላል። እንግዲህ የተማሪው አያት ያስተማሩት ሕግ ይህ ነው። «የተማሪው አያት ያስተማሩት» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ገበታ በአገራችን አንድ ዓይነት አለመሆኑን ሊቃውንት ከብዙ ጊዜ በፊት ጽፈዋል። ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ብዙ የጻፉት ሪቻርድ ፓንክኸርስት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ባወጡት ጥናት ከመቶ የሚበልጡ የአጨዋወት ዓይነቶችን ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ሰብስበው መዝግበዋል። ተማሪው ግን ሥራውን ሲጀምር ይህን አላነበበም ነበር። አንብቦት ቢሆን የመኪናውን እሽቅድምድም ይመርጥ ነበር ብለን እንገምታለን።

አሁን ኮምፒዩተሩ ገበታን እንዴት አድርጎ እንደሚመለከተው እንይ። እኔ ራሴ ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ ስለሆነ ተማሪው ያስረዳኝ በቀላል አነጋገር ነው፤ እናንተም ከዚህ የተነሣ አትቸገሩም። ለኮምፒዩተር ጉድጓድም ጠጠርም የለም። ያለው በተርታ የተጻፈ የ12 ቁጥሮች ዝርዝር ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ዐሥራ ሁለቱም ቁጥሮች 4 ናቸው። ከአንዱ ቤት ጠጠር ሲነሣ የዚያ ቤት ቁጥር ዜሮ ይሆንና በሚቀጥሉት አራት ቁጥሮች ላይ አንዳንድ ይደመራል። የምናየው የእንጨት ገበታና የሚያብረቀርቀው ጠጠር ለእኛ ዓይን ሲባል ኋላ የተደረበ ሥዕል ነው።

ነገር ግን ገበታ ክብ ነው፤ ዝርዝር ደግሞ ቀጥ ያለ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ይቋረጣል። ይህንን ለማስታረቅ የሚረዳው ሒሳብ ሁላችንም በየቀኑ የምንሠራበት የሰዓት ሒሳብ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ሆነን ከአራት ሰዓት በኋላ እንገናኝ ብንባባል 14 ሰዓት አንልም፤ 12 ቀንሰን 2 ሰዓት እንላለን። እንደዚሁም ከአሥረኛው ቤት አራት ጠጠር የተነሣ እንደ ሆነ በ11ኛው፣ በ12ኛው፣ በ1ኛውና በ2ኛው ቤት ይወድቃል። ተማሪው ይህንን በአንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈው፤ በጣምም ደስ አለው። ደስታው ግን እስኪሞክረው ድረስ ነበር። ኮምፒዩተር ቁጥር የሚጀምረው ከአንድ ሳይሆን ከዜሮ ስለሆነ 12ኛው ቤት በመሣሪያው ዘንድ 11ኛ ነው። እርሱ 12 ብሎ ሲጠራው መሣሪያው እንዲህ ያለ ቤት የለም ብሎ ሥራውን አቆመ። ሰው ቢሆን ምን ለማለት እንደ ፈለገ ተረድቶ ያልፈው ነበር፤ ኮምፒዩተር ግን የተጻፈለትን እንጂ የታሰበለትን አያነብም።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ ሌላ ችግር መጣ፤ ይኸውም የፍጥነት ጉዳይ ነው። በስክሪን ላይ የሚታይ ጨዋታ ሁሉ እንደ ሲኒማ ፊልም ነው፤ ሲኒማ በሴኮንድ 24 ሥዕል እያከታተለ ሲያሳይ፣ የቪዲዮ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ 60 ጊዜ ያህል አዲስ ሥዕል ይሥላል። በእያንዳንዷም ቅጽበት ሦስት ነገር ያደርጋል፤ ተጫዋቹ ምን እንደ ነካ ይጠይቃል፣ ሕጉ ምን እንደሚል ያሰላል፣ ውጤቱን ይሥላል። ተማሪው መጀመሪያ በጻፈው ጨዋታ ላይ ጣት አንዱን ቤት በነካ ጊዜ ጠጠሩ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ተዘርቶ ያልቅ ነበር። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ስሕተት የለበትም። ታናሽ እኅቱ ግን ተመልክታ፣ «ምን ሆነ? ምንም አላየሁም እኮ» አለችው።

በዚህን ጊዜ ነው ገበታ የሚጣፍጠው የት ላይ እንደ ሆነ የተረዳው። ጣፋጩ ጠጠሩ ከእጅ አንድ በአንድ ሲወርድ፣ ቀዋ፣ ቀዋ እያለ ሲቆጠር፣ ባላጋራም የመጨረሻው የት እንደሚወድቅ አንገቱን አስግጎ ሲጠብቅ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ማሰብ የሚችለውን ያህል እንዳይፈጥን አሰረው፤ በአንድና በሌላው ጠጠር መካከል የሴኮንድ ሢሶ ያህል እንዲዘገይ፣ ሲወድቅም ድምፅ እንዲያሰማ አደረገ። ድምፁን ከኢንተርኔት አላመጣውም፤ በአያቱ ቤት ደጃፍ ላይ ጠጠር እየጣለ በስልኩ ቀዳው። በድምፁ ውስጥ ጆሮውን ለሰጠ ሰው የአዳማ ነፋስ ይሰማል። እኛም ሰምተነዋል።

አያቱ የሚኖሩት ከአዳማ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በወንጂ ነው። ስለ ወንጂ ጥቂት ካልተናገርን የሚቀጥለው ነገር ስለማይገባ ትዕግሥታችሁን እንለምናለን። በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ኤች ቪ ኤ በተባለው የሆላንድ ኩባንያ አማካይነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ሥራውን ጀመረ። ያ አሮጌ ፋብሪካ ዛሬ ሥራውን አቁሞ በአዲስ ተተክቷል። በአዋሽ ወንዝ ዳር ሸንኮራ አገዳውን ይቆርጡ ዘንድ ሰዎች ከብዙ አገር መጡ፤ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ፣ ከአርሲ፣ ከሸዋ። ቋንቋቸው ልዩ ልዩ ነው፤ የሚያድሩት ግን በአንድ ካምፕ ነው። የተማሪው አያት ከእነዚህ አገዳ ቆራጮች አንዱ ነበሩ። ከሥራ በኋላ በየሰፈሩ ጥላ ሥር ገበታ ይጫወቱ እንደ ነበር ለልጅ ልጃቸው ደጋግመው ነግረውታል።

ተማሪው ጨዋታውን ሠርቶ ያበቃ መስሎት ለአያቱ ሊያሳይ ወደ ወንጂ ሄደ። ሦስት ጎረቤቶችም ተሰበሰቡ፤ አንደኛዋ ከአርሲ ወገን የሆኑ እናት፣ ሁለተኛው ገና በወጣትነታቸው ከከምባታ የመጡ ሽማግሌ፣ ሦስተኛው የምንጃር ሰው ናቸው። ስልኩን እየተቀባበሉ ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ እናቲቱ፣ «ልጄ፣ ይህ ተሳስቷል» አሉ። «ምኑ ነው እማማ?» ቢላቸው፣ «እሱ ሲዘራ በእኔ ቤት አራት ቢሞላ የምበላው እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለም» አሉ። የምንጃሩ ሰው በዚህ አልተስማሙም፤ የዘራ ይበላል አሉ። የከምባታው ሽማግሌ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አነሡ፤ ከአንድ ቤት 12 ወይም ከዚያ የበለጠ ጠጠር ተነሥቶ ዙሩ ተመልሶ ከተነሣበት ቤት ሲደርስ፣ በዚያ ቤት ይጣልበታል ወይስ ይታለፋል? እሳቸው እንደ ለመዱት ይታለፋል። ፕሮግራሙ ግን ይጥልበት ነበር። ተማሪው ይህንን ነገር ወስኖ አልነበረም፤ ትእዛዙን ሲጽፍ ሳያስበው በዚያው ስለ ወጣ ብቻ ሕግ ሆነ።

አድማጮቻችን ይህን ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። በደንብ አወጣጥ ሥራ ላይ የነበራችሁ ሁሉ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንባችሁም። ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው በሚጫወቱበት ጊዜ ያልተነገረ ሕግ ቢኖር ከቦታው ሲደርሱ ተነጋግረው ይጨርሱታል። ሕጉ በጽሑፍ ሲሰፍር ግን ዝምታ የለም፤ ጸሐፊው ዝም ያለበትም ቦታ ሳይታወቅ ውሳኔ ይሆናል። ኮምፒዩተርን ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ጸሐፊ የሚያደርገው ይኸው ነው። ባላጋራው በረድፉ አንድም ጠጠር ባይቀረው ምን ይደረጋል? የተረፈውን ማን ይወስዳል? ሰው ይህን ጉዳይ በዓመት አንድ ጊዜ ቢገጥመው ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ከመጀመሪያው ቀን መልስ ሊኖረው ይገባል።

ከሁሉም የከፋው ደግሞ ገና አልመጣም ነበር። በዚያው ቀን አያቱ ሲጫወቱ ጠጠሩ መዞር ጀመረና አላቆም አለ። ቀዋ፣ ቀዋ፣ ቀዋ እያለ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለተኛ ደቂቃም አለፈ። ተማሪው ስልኩ የተበላሸ መስሎት አጥፍቶ አበራው። ወደ አዳማ ተመልሶ ሦስት ሌሊት ስሕተቱን ቢፈልግ ስሕተት አጣበት። በመጨረሻ የተረዳው ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን ከራሱ ከሕጉ የሚመጣ መሆኑን ነው። እናንተም ይህን በቡና ፍሬ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ሁለት ቤት ብቻ ያለው ትንሽ ገበታ አድርጉ፤ በአንደኛው 3፣ በሁለተኛው 1 ፍሬ አስቀምጡ። ሦስቱን አንሥታችሁ ዝሩ፤ አንድ በሁለተኛው፣ አንድ በአንደኛው፣ አንድ እንደገና በሁለተኛው ይወድቃል። አሁን በሁለተኛው 3 አለ፤ የመጨረሻው ፍሬ የወደቀው ጠጠር ካለበት ቤት ስለሆነ ሦስቱን አንሡና ቀጥሉ፤ አንድ በአንደኛው፣ አንድ በሁለተኛው፣ አንድ በአንደኛው። እነሆ በአንደኛው 3፣ በሁለተኛው 1 ሆኖ ከተነሣችሁበት ተመለሳችሁ። ይህ ዙር እስከ ዓለም ፍጻሜ አያልቅም። ዐሥራ ሁለት ቤት ባለው ገበታ ላይም እንዲሁ ማለቂያ የሌለው ዙር ሊገጥም ይችላል።

ተማሪው በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ወንጂ ወርዶ አያቱን፣ «አባባ፣ እናንተ እንዲህ ያለ ዙር ሲገጥማችሁ ምን ታደርጉ ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። አያቱም ጥያቄው አስገርሟቸው፣ «ምን ይደረጋል? እጅ ሲደክም ይተዋላ» አሉት። ይህ ሕግ በየትኛውም ጽሑፍ ላይ የለም፤ ነገር ግን እውነተኛ ሕግ ነው፤ ሰው እጅ ስላለው፣ እጅም ስለሚደክም ጨዋታው ሳይሰበር ኖረ። ኮምፒዩተር እጅ የለውም። ስለዚህ ተማሪው ድካምን በቁጥር ጻፈለት፤ በአንድ ተራ 300 ጠጠር የተዘራ እንደ ሆነ በስክሪኑ ላይ «እጄ ደከመ» የሚል ጽሑፍ ይወጣና ተራው ያልፋል። 300 የሚለውን ቁጥር ያገኘው አያቱን አስቀምጦ በማዘራት ነው፤ እሳቸው በ280 ግድም ሰልችቷቸው ተነሡ።

ከዚህ በኋላ የቀረው ሰው ብቻውን ሲሆን የሚጫወትበትን ባላጋራ መሥራት ነበር። ይህ ክፍል ከሁሉ ይከብዳል ብሎ የፈራው ቢሆንም ከሁሉ የቀለለው እርሱ ሆነ። ኮምፒዩተሩ በራሱ ረድፍ ስድስት ቤት ስላለው ስድስት ምርጫ አለው። ለእያንዳንዱ ምርጫ ባላጋራው ስድስት መልስ ይኖረዋል፤ ይህ 36 ይሆናል። አንድ እርምጃ ጨምሮ ቢያስብ 216፣ አንድ ጨምሮ ቢያስብ 1,296 መንገድ ነው። ሰው ይህን ሁሉ ሊቆጥር አይችልም፤ በኪሳችን ያለው ስልክ ግን ዓይን ከመጨፈኑ በፊት ቆጥሮ ይበልጥ የሚያስገኘውን ይመርጣል። ጥበብ የለውም፤ ትዕግሥት ብቻ ነው ያለው። እኅቱ ሦስት ጊዜ ተጫውታ ሦስት ጊዜ ተሸነፈችና ስልኩን አስቀመጠች። ለምን እንደ ተወችው ቢጠይቃት፣ «እሱ መች ይጫወታል? ይቆጥራል እንጂ» አለችው።

ስለዚህ መሣሪያው አንዳንድ ጊዜ እንዲሳሳት ማድረግ አስፈለገ። ከሦስት ተራ በአንዱ ቆጥሮ ሳይሆን በዕጣ እንዲመርጥ አዘዘው። ይህ ነገር ግን ኅሊናውን ከነከነው። ሆን ብሎ የሚሸነፍ መሣሪያ መሥራት ተጫዋቹን ማታለል አይሆንም ወይ ብሎ እኛንም ጠየቀን። መልስ ለመስጠት አልቸኮልንም። ታላቅ ወንድም ታናሹን ሲያስተምር ጠጠሩን አውቆ ከመጥፎ ቦታ እንደሚጥል ሁላችንም እናውቃለን፤ ይህን ግን ስለ ፍቅር ያደርገዋል። መሣሪያው ፍቅር የለውም፤ ፍቅሩ ያለው ከጻፈው ሰው ዘንድ ነው። በእኛ አስተያየት ጥያቄው የሚፈታው ለተጫዋቹ አስቀድሞ በመንገር ነው። ተማሪውም ኋላ እንዲህ አደረገ፤ ባላጋራው «ልጅ»፣ «ጎልማሳ» ወይም «ሽማግሌ» ይሁን ብሎ ተጫዋቹን ያስመርጣል። የማይሳሳተው ሽማግሌው ነው።

በውጭ አገርም ቢሆን ጉድለት ጨዋታን ያዳነበት ጊዜ አለ። በስክሪን ላይ የሚታይ ጨዋታ ከተጀመረ ብዙ ዘመኑ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ዊልያም ሂጊንቦተም የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው በብሩክሄቨን ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ለጉብኝት የሚመጡት እንግዶች እንዳይሰለቹ ብሎ በኦሲሎስኮፕ መስተዋት ላይ የቴኒስ ጨዋታ ሠራ። በ1972 ደግሞ አለን አልኮርን የተባለ መሐንዲስ አታሪ በተባለው ኩባንያ ውስጥ ፖንግ የተባለውን ጨዋታ ሠራ፤ የተሰጠውም ለልምምድ ያህል ነበር። በፖንግ ውስጥ ኳሱን የሚመልሱት ሁለት መምቻዎች በመሣሪያው ጉድለት የተነሣ እስከ ስክሪኑ ጫፍ ድረስ አይደርሱም ነበር። አልኮርን ይህን ሊያስተካክል ሲችል ተወው፤ ምክንያቱም መምቻው ሁሉን ቦታ ቢደርስ ሁለት ጎበዞች ያለማቋረጥ እየተመላለሱ ጨዋታው ማለቂያ ባጣ ነበር። የወንጂው አያት «እጅ ሲደክም» ያሉትን አልኮርን ከሽቦ ጉድለት አገኘው ማለት ነው።

በአገራችንም ቢሆን በዚህ ሙያ የቀደሙ አሉ። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ከአሳዳጇ የምትሸሽ ዶሮ ያለችበትን «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጨዋታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 አውጥቷል፤ ገበታንም ለስልክ አዘጋጅቷል። ተማሪው ይህን ያወቀው ሥራውን ከጀመረ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ተስፋ ቆርጦ እንደ ነበር አልደበቀንም። ኋላ ግን፣ «ገበታ በእንጨት የሠራም አንድ ሰው ብቻ አይደለም» ብሎ ቀጠለ።

አሁን ወደ ሦስቱ ጎረቤቶች ክርክር እንመለስ። የማስረከቢያው ቀን ደርሶ ነበር። መምህሩ አንዱን ሕግ መርጠህ አስረክብ፤ ሰው ይለምደዋል አሉት። ይህ ምክር ያለ ምክንያት የተሰጠ አይደለም፤ ሕግ አንድ ሲሆን ሥራ ይቀላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ በ3347ኛው ቍጥር፣ ሕጉ በሚያጠቃልላቸው ጉዳዮች ላይ የነበሩት የተጻፉም ሆነ የልማድ ደንቦች እንደ ተሻሩ ይደነግጋል። አንድ አገር የሚያስተዳድር ሕግ እንዲህ ሊያደርግ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ገበታ የርስት ክርክር አይደለም። ተማሪው የአያቱን ሕግ ብቻ ጽፎ ቢያስረክብ፣ ከመቶ ስልክ ወደ መቶ ስልክ የሚሄደው ያው አንዱ ይሆናል፤ የአርሲዋ እናት የልጅ ልጆች በስልክ የተማሩትን ትክክለኛ ብለው አያታቸውን ተሳስተሻል ማለታቸው አይቀርም። እናቲቱ ስልኩን ሲመልሱለት፣ «ጥሩ ነው ልጄ፤ ግን የእኛ አይደለም» ያሉት ቃል ከጆሮው አልወጣም።

ወደ አያቱ ደውሎ፣ «በካምፑ ያ ሁሉ ሰው ከልዩ ልዩ አገር መጥቶ በማን ሕግ ነበር የምትጫወቱት?» ብሎ ጠየቀ። እሳቸውም፣ «ከመጀመራችን በፊት ‹በማን ሕግ?› እንባባላለን። ዛሬ በአንተ ከሆነ ነገ በእኔ» አሉት። እንግዲህ ተማሪው ሲፈልገው የኖረው ሕግ ይህ ኖሯል፤ ከጠጠር ሕግ በፊት ያለ ሕግ ነው። ጨዋታው ሲከፈት አሁን ሦስት ጥያቄ ያቀርባል። አራት ሲሞላ ማን ይብላ? የተነሣበት ቤት ይታለፍ ወይስ ይጣልበት? የባላጋራ ረድፍ ባዶ ሲሆን የተረፈው ለማን ይሁን? ሁለቱ ተጫዋቾች ተስማምተው ካልመለሱ ጨዋታው አይጀምርም። ይህን ለመጨመር ዘጠኝ ቀን ስለ ፈጀበት ሥራው ዘግይቶ ቀረበ፤ ስለ መዘግየቱም 10 ነጥብ ተቀነሰበት።

እኛ እንደ መንግሥት ሠራተኛነታችን ጥያቄ የበዛበት ቅጽ ሕዝብን እንደሚያሰለች እናውቃለን፤ ጥያቄዎቹ ሦስት ሆነው በመቅረታቸውም ደስ ብሎናል። ስለ 10 ነጥቡ ግን ተማሪው እንዲያዝን አንፈልግም። መምህሩም ቀን መጠበቃቸው ሥራቸው ነው።

ተማሪው ሥራው አልቋል ብሎ አያምንም። በቅርቡ አንድ የክፍል ጓደኛው በሁለት ረድፍ ፈንታ በሦስት ረድፍ፣ በ12 ቤት ፈንታ በ18 ቤት የሚደረገውን ገበታ አሳየው፤ በየቤቱም ሦስት ሦስት ጠጠር ይደረጋል። ይህ ሦስት ጥያቄ በመጠየቅ የሚፈታ አይደለም፤ ዝርዝሩ ራሱ ይለወጣል፤ ያ የሰዓት ሒሳብም በ12 መሆኑ ይቀራል። ችግሩ ደግሞ ተማሪው 12 የሚለውን ቁጥር በአንድ ቦታ ጽፎ ስም ሰጥቶ በስሙ መጥራት ሲገባው፣ በፕሮግራሙ ውስጥ በደረሰበት ሁሉ 12፣ 12 እያለ ጽፎት ኖሯል፤ የአንድን አገልግሎት ዋጋ በሃያ ልዩ ልዩ ቅጽ ላይ ያተመ መሥሪያ ቤት ዋጋው ሲለወጥ የሚያገኘው ጣጣ ማለት ነው። ከሻይ ቤቱ ስንለያይ ቁጥሩ በ23 ቦታ እንደ ተጻፈ ቆጥሮ ሰባቱን ብቻ እንደ ለወጠ ነገረን።